አሥራ ዘጠኝ ተጋላጮች

የካቲት 24 ቀን 2017፣ ሰኞ፣ መርሳ አጠገብ

ትናንት ከወልድያ ተመለስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ «ተማሪዎች ውስጣዊ ጥንካሬ» ሠለጠንን። ረመዳን ቅዳሜ ገባ፣ የእኛም ዓቢይ ጾም ሳምንት ሆኖታል፤ ለእረፍት የቀረበው ብስኩት ካርቶኑ ሳይከፈት ተመለሰ። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነው። ልጁ የማይችለውን አትቁጠሩ፣ የሚችለውን ፈልጉ ይላል። እኔ የ8ኛ ለ ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት የማይችሉትን ስቆጥር ነው።

ከሥልጠናው ቅጽ ይዘን መጣን። ርእሱ «የተጋላጭ ተማሪዎች መለያ ቅጽ» ነው። ሊወድቅ ወይም ሊያቋርጥ የሚችለውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄደን እንሞላለን፦ ቤተሰቡ ስንት ነው፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ፣ የሚሠራው ማን ነው። መጨረሻ ላይ «የተማሪው ጥንካሬ» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ወላጅ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ልጁ ከሰዓት በኋላ ማጠናከሪያ ትምህርት ይገባል። ሦስት ቀን የቀረ ስሙ ይሰረዛል።

ርእሰ መምህሩ ስዩም ቅጹን አገላብጦ አየና አምና በሚኒስትሪ ከስልሳ ሁለት ልጅ ያለፉት ሰባት መሆናቸውን አስታወሰኝ፤ እንደማላውቅ። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤቱ ግማሽ ዓመት ተዘግቶ ነበር። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን፣ ፈተናው ግን አያውቅም።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

የመጨረሻዎቹን አራት ቤቶች አዳረስኩ። አሥራ ዘጠኝ ልጅ ሞላ። እግሬ አብጧል።

ኢብቲሳም ቤት ብዙ ቆየሁ። እናቷ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። ትልቋ እህቷ ቶይባ ሳዑዲ ናት። አባቷ ጋሽ ኢዘዲን ቁርዓን ይቀራሉ፣ የአማርኛ ፊደል ግን አይለዩም። በጨዋ ደንብ ተቀብለውኝ፣ ምንም ሳይደብቁ ልጅቱ ከዒድ በኋላ ወደ እህቷ እንደምትሄድ ነገሩኝ። በምን ብዬ ጠየቅኩ። «ሰው አለ» አሉኝ። እዚህ አገር «ሰው አለ» ከተባለ ደላላ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለም፤ በሐራ አድርጎ አፋር፣ ከአፋር ባሕር ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ክርክር አልችልም፤ የማውቀው ቅጹን ነው። ጥያቄዎቹን በተራ ጠየቅኳቸው፣ በተራ መለሱልኝ። «ይኸ ነገር እስከ መቼ ነው?» አሉ። እስከ ሰኔ አልኳቸው። ብትቀርስ አሉ። ስሟ ይሰረዛል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ግልባጩን ሰጠኋቸው። ስወጣ ልጃቸውን ጠርተው ወረቀቱን አንብቢልኝ ሲሏት ሰማሁ። የሰባተኛ ክፍል አማርኛ እየተንተባተበች የምታነብ ልጅ ናት።

ጥንካሬዋ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ነገ አስቤ እሞላዋለሁ።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

19 ከ19። አንድም የቀረ የለም። ሦስት ጊዜ ስም ጠራሁ፣ ማመን አቅቶኝ።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

19። በጾም አፋቸው ደርቆ፣ በዚህ ሙቀት።

አዲስ ዘዴ ጀምሬያለሁ። የተሳሳተ ሥራ ሰሌዳ ላይ እጽፍና ከውስጡ ትክክል የሆነችውን መስመር እንዲፈልጉ አደርጋለሁ። ከስሕተቱ በፊት ያለችውን ማለቴ ነው። መጀመሪያ የማሾፍ መሰላቸው። አሁን ግን የራሳቸውን ስሕተት ይዘው ይመጣሉ። ኢብቲሳም ከሁሉ በፊት ታገኛታለች፤ «እስከዚህ ድረስ ጤነኛ ነበር፣ እዚህ ጋ ታመመ» ትላለች፣ ክፍሉ ይስቃል። በራሷ ፈተና ግን ሦስት ከአሥር።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

የተከራየሁባቸው እትዬ ዓቢዳ ለማፍጠሪያ ቴምር ሲያጥቡ ጠሩኝ። የእህታቸውን ልጅ እንድጽፍላቸው ፈለጉ። የት ልጻፋት አልኳቸው። «ከተጋላጮቹ ነዋ፣ ሔዋንዬ። ለሰኔ አንድ ኩንታል ስንዴና አምስት ሊትር ዘይት የሚሰጣቸው።» እስኪያስለቅሰኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ እኔም አቆምኩ።

ተጋላጭ። ይህ ቃል ባለፉት አምስት ዓመታት እዚህ የኖረው በአንድ ትርጉም ብቻ ነው። ተጋላጭ የተባለ ይመዘገባል፣ ስንት ጊዜ ትበላለህ ይባላል፣ ያስፈርሙታል፣ ስንዴ ይመጣል። እኔም ይህንኑ ጠይቄ፣ ይህንኑ አስፈርሜ ነው የመጣሁት። ማን ክፍልፋይ ለማስተማር ነው ብሎ ያስብ? ግን አንድ ኩንታልና አምስት ሊትር ብሎ የቆረጠው ማን ነው? ወሬ እንዲህ ልክ አያውቅም።

ነገ ልጆቹን ሰብስቤ ለወላጆቻችሁ ንገሩ እላለሁ። ነገ።

መጋቢት 10

19። አልነገርኩም። ሰዓት አልበቃም።

መጋቢት 13

19። ስለ መቶኛ። አልነገርኩም። እኔ አልዋሸሁም፤ ስንዴ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ዝም ነው ያልኩት። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

ዓሪፍ የክፍሉ አንደኛ ነው። ዛሬ የሒሳብ ፈተናውን ነጭ ወረቀት አድርጎ መለሰልኝ፤ ስሙን ብቻ ጽፏል። አስቀርቼ ምን ሆንክ አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ስንት ባመጣ ነው የምመዘገበው?» አለኝ።

ወረቀቱን ቀድጄ ነገ ድገም አልኩት። ደብተሩን ይዞ ሲወጣ እናቱ እንዳዘዘችው ገባኝ፤ እናቱን ባገኛት ምን እላት ነበር? ልጅሽ ጎበዝ ስለሆነ ስንዴ የለውም?

አሁንስ ልናገር ነው። ከዒድ በኋላ። በዓሉን ላበላሽባቸው አልፈልግም።

መጋቢት 21፣ እሁድ፣ ዒድ

እትዬ ዓቢዳ ጾሜን አውቀው ለብቻዬ ምስር ሠሩልኝ። አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ኢብቲሳም ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ዒድ ሙባረክ ልትለኝ መጣች። ሰውየው ትናንት መጥቶ እንደነበር እንደ ዋዛ ነገረችኝ። አባቷ «እስከ ሰኔ ይቆይ» ብለው መልሰውታል። ይህን ስትል ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፤ አንድ ነገር የምትጠብቅ መሰለችኝ። ጎሽ አልኳት። ምን ልበላት?

ሌላውን ተዪና ይህን ብቻ እዪ እላለሁ ለራሴ። ዝምታዬ አንዲት ልጅ ከባሕር አስቀርቷል። ከዚህ በላይ ምን አስተምራለሁ?

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ስዩም ቢሮው ጠርቶ ሻይ አዘዘልኝ፤ ጾሙን ረስቶት። ከወረዳ የመጡት ሱፐርቫይዘር የአቴንዳንሱን መዝገብ አይተው ተገርመዋል። የእኛን ተሞክሮ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች እንዳቀርብ ይፈልጋሉ። ምስጢሩ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ጥንካሬያቸው ላይ ስላተኮርን ነው አልኳቸው። አፌ እንዴት እሺ አለኝ?

ሚያዝያ 13

ፋሲካን ወልድያ፣ እናቴ ጋ ዋልኩ። ከሳሽ አለችኝ። ጾሙ ነው አልኳት።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ዛሬ ረጅም እጽፋለሁ፤ ደስ ያለኝን ቀን ለብቻው ላስቀምጠው።

ኢብቲሳም ስምንት ከአሥር አመጣች። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እኔ ሦስት ጊዜ አስረድቼ ያልገባቸውን ቀመር ተነሥታ በራሷ መንገድ አስረዳቻቸው። ያልታወቀውን ቁጥር «እንግዳው» ትለዋለች። እንግዳው ብቻውን ክፍል እንዲያገኝ ሌሎቹን አንድ በአንድ ወደዚያኛው ቤት እንሸኛለን፤ ሲሻገሩ ምልክታቸውን ይቀይራሉ። ከኋላ የሚቀመጡት ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ። ጠመኔውን ይዤ መስኮቱ ጋ ቆሜ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

ዘግይተው የሚመጡትን በየጠዋቱ በራቸው ድረስ እየሄደች የምትሰበስባቸውም እሷ መሆኗን ዛሬ ሰማሁ። አንዱ ልጅ ሊያቋርጥ ሲል ስንዴው ይቀርብሃል ብላ እንደመለሰችው ሲያወሩ ሳቁ። እሷም የሰፈሩን ወሬ አምናለች ማለት ነው፣ ምስኪን። ስንወጣ፣ ስለ ወረቀቱ አባትሽ ምን ይላሉ ብዬ ጠየቅኳት። «አባቴ ደህና ነው» አለችኝና ፈተናው ሰኔ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አራት አልኳት። ጣቷን አጥፋ ሳምንቱን ቆጠረች።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ሰባት ሴቶች። ባዶ ኬሻ አጥፈው ይዘው። ሲሪንቃ ከተማ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ታይቷል ተባለና ከማለዳ ጀምሮ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ተቀምጠው ዋሉ። አንዷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ግራና ከሚባለው ቀበሌ ሁለት ሰዓት በእግሯ መጥታለች። ዘበኛው ምንም የለም ሲላቸው፣ መምህርት ሔዋንን ጥራልን አሉት።

አልወጣሁም። መምህራን ክፍል፣ ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ አየኋቸው። ጥላው ሲዞር አብረው እየዞሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ ኬሻቸውን አንሥተው ሄዱ።

እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 3፣ እሁድ

ነገርኳቸው።

ስዩምን የወላጅ ስብሰባ ጥራልኝ አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን ከሁሉም ጋር ነው የሰማው። ከስልሳ በላይ ሰው መጣ፣ ክፍሉ ሞልቶ በረንዳው ላይ ቆሙ። ስንዴ የለም፣ ዘይት የለም፣ ተጋላጭ ያልነው በትምህርት የደከመውን ነው አልኩ። ማወቄንም ነገርኳቸው። ከመጋቢት ጀምሮ አውቃለሁ፣ ልጆቹ እንዳይቀሩብኝ ብዬ ዝም አልኳችሁ አልኩ። ኢብቲሳም ከውጭ በመስኮቱ በኩል እጇን ስታወዛውዝልኝ አየኋት። በርቺ ያለችኝ መሰለኝና ፈገግ ብዬላት ቀጠልኩ።

የሰደበኝ የለም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ አዛውንት «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳንም ከሰኔ በፊት ነገርሽን» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ሌላው ተከተለ። ጋሽ ኢዘዲን መጨረሻ ላይ ወጡ፤ ፊታቸውን አላየሁትም። ስዩም ወረዳው ምን ይለኛል አለ።

እትዬ ዓቢዳ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉኝ። ከስምንት ሳምንት በኋላ ዛሬ ቀለለኝ። ዛሬ እተኛለሁ።

ግንቦት 4

11።

ግንቦት 5

9። ኢብቲሳም የለችም።

ግንቦት 6

7። የለችም።

ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ቤቷ ሄድኩ። የተባለውን ብቻ እንደተባለ እጽፋለሁ።

ጋሽ ኢዘዲን ቁጭ በይ ልጄ አሉኝ፣ ውሃ አስመጡልኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አቆሙኝ። «አንቺ ምን አደረግሽ? ያጠፋሽው የለም። የዋሸችኝ ልጄ ናት» አሉ። ከሣጥናቸው በጨርቅ የተጠቀለለውን ቅጽ አውጥተው ሰጡኝ። የዚያን ቀን አንብቢልኝ ብለዋት አነበበችላቸው። እሳቸው ለጎረቤት ነገሩ፣ ጎረቤት ለገበያው ነገረ።

«እስቲ አሁን አንቺ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አንድ በአንድ አዳመጡ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እዚህ ላይስ ምን ይላል አሉኝ። የተማሪው ጥንካሬ ይላል፣ ከሥሩ ባዶ ነው አልኳቸው።

«ስንዴውን ያነበበችልኝ እዚህ ላይ ነው» አሉ።

አንድ ወር ብቻ ብዬ ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ተነሡ። ሁለት ዓመት ማሽላው እንዳልያዘላቸው፣ ሰውየውን ሁለት ጊዜ እንደመለሱት፣ ሦስተኛ ቢመልሱት ተመልሶ እንደማይመጣ ነገሩኝ። ልጄን ጠልቼ ነው ወይ አሉ። ከሰኔ በኋላስ፣ ዘጠነኛ ክፍል መርሳ ቤት ተከራይታ ምን በልታ ትማራለች አሉ። ይህን ሲጠይቁኝ እውነት መልስ ፈልገው ነበር።

ኢብቲሳም እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። አላለቀሰችም። «ቲቸር፣ በመስኮቱ እጄን ሳወዛውዝልዎ አላዩኝም?» አለችኝ።

አየሁሽ አልኳት።

ግንቦት 8

ስዩም ጋ ሄድኩ፣ ቀበሌ ሄድኩ፣ ሴቶች ጉዳይ ሄድኩ። ሰኞ ተመለሺ። መንገድ ተዘግቷል። ኃላፊዋ ስብሰባ ናት።

እንዲህ ሮጬ ቢሆን ኖሮ፣ የካቲት ላይ።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ሄዳለች። ከእሁድ ጀምሮ። ዓሪፍ ነው የነገረኝ፤ ከአራት ልጆች ጋር፣ በሐራ በኩል። ፖሊስ ጣቢያ ያለው ልጅ ስሟን በመዝገብ ጻፈና ፎቶ አለሽ አለኝ። ለፈተናው የተነሣችው ጉርድ ፎቶ ነበረኝ። ሻሿን አስተካክላ፣ አፏን ገጥማ፣ ሳቋን ይዛ ነው የተነሣችው።

ልጅቱ አውቃ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን። ያለ እኔ፣ ያለ ማንም፣ በአንድ ወረቀት ራሷንና አሥራ ስምንት ልጆችን እስከ ግንቦት አቆመቻቸው። አንድ ወር ሲቀራት አፈረስኩባት፣ ለራሴ እንቅልፍ ብዬ። እውነት ተናገርኩ ብዬ ያደርኩት ሌሊት፣ ያን ሁሉ ሰዓት ተኝቻለሁ። አንዴም አልነቃሁም።

ግንቦት 21

አድሚሽን ካርድ መጣ። የኢብቲሳም ኢዘዲንንም ፈርሜ ተረከብኩ። ማን ይጠይቀኛል? ክፍሉ 10 ነው። የቀሩትን ቤት ለቤት እየዞርኩ እለምናለሁ። ሦስቱ ተመለሱ። አንዷ እናት «ምንም ባይሰጥም ትማር» አለችኝ፤ ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ፈተናው ተጀመረ። ፈታኙ ከሌላ ወረዳ የመጣ ወጣት ነው፣ ዝርዝሩን ይዞ በየወንበሩ ዞረ። አንዱ ወንበር ጋ ሲደርስ በበሩ በኩል ወደ እኔ ተመለከተ። ራሴን ነቀነቅኩ። «ቀሪ» ብሎ ጻፈ።

ከሰዓት በኋላ የሒሳቡን ወረቀት አየሁት። ቀላል ነበር። ያላስተማርኳቸው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። እንግዳውን ፈልጉ የሚሉ አራት ጥያቄዎች በተከታታይ መጥተዋል።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለልኝ። የጅቡቲ ቁጥር ነው። ነፋስ ብቻ ሰማሁ፣ ከዚያ «ቲቸር» አለችኝ።

የት ነሽ አልኳት። ባሕሩ ይታየኛል አለች። የምትጠብቁት ምንድን ነው አልኳት። ጀልባ። በልታችኋል ወይ አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች፤ ይህ መልስ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። አትሳፈሪ፣ ተመለሽ፣ እኔ መጥቼ እወስድሻለሁ አልኩ፣ በምን እንደምሄድ ሳላውቅ። ስልኩ የሰው መሆኑንና ዛሬ ደቂቃ ብቻ እንደሰጧት ነግራኝ፣ ሒሳቡ እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ።

እንዳይቆጫት ብዬ ዋሸሁ። ከባድ ነበር አልኳት፣ ጎበዞቹም አልሠሩትም፣ ብትኖሪም ያው ነበር አልኳት።



«ለዓሪፍ ትናንት ደውዬለት ነበር» አለች። «ከወረቀቱ እያየ ጥያቄዎቹን ከነመልሳቸው አንድ በአንድ ነገረኝ፣ እዚሁ አሸዋው ላይ ሠራኋቸው። ከአርባው ሠላሳ አንዱን አግኝቻለሁ።» ከጀርባዋ አንድ ወንድ በዓረብኛ ጮኸ። «ቲቸር፣ ሠላሳ አንድ ያሳልፋል?»

«ያሳልፋል» አልኳት።

«እውነትዎን ነው?»

እውነቴን ነው ብዬ ሳልጨርስ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ባለስልኩ አነሣና ልጆቹ ወደ ውሃው ወርደዋል አለኝ።